የመጀመሪያ የፌዘንት አደን ከወጣት ውሻ ጋር፦ ስለ ውሻዋም ስለ ሥጋውም ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ የዳማ ጌታ፣ ሱ ፎልስ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምኖረው በአሜሪካ፣ በሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ ከተማ ሲሆን፣ እዚህ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ መጸው በገባ ቁጥር የሥራ ባልደረቦቼ የሚያወሩት ስለ ፌዘንት አደን ብቻ ነበር። ወፉን ለማታውቁት፣ ፌዘንት ከዶሮ፣ ከቆቅና ከድርጭት ወገን የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ የሚውል ወፍ ነው። አውራው አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት፣ ፊቱ ላይ ደማቅ ቀይ፣ ከበስተኋላው ደግሞ ረጅም ጅራት አለው፤ ሴቷ ግን እንደ ደረቀ ሣር ቡናማ ናት። ዘሩ ከእስያ የመጣ ቢሆንም ይህ ግዛት የራሱ አድርጎታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮም የግዛቱ ወፍ ተብሎ ይታወቃል።

ዘንድሮ አንድ ባልደረባዬ አብሬው እንድወጣ ጋበዘኝ። ወላጆቹ ሬድፊልድ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ በቆሎና ማሽላ ያርሳሉ። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አደኑ የሚከፈተው በኦክቶበር ሦስተኛ ቅዳሜ ነው፤ በእኛ ቤት ግን የጽጌ ጾም ስለሚጾም እስከ ቁስቋም ድረስ ወፍ ይዞ መግባት ትርጉም የለውም፤ ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ስለዚህ ኅዳር 13ን እና 14ን፣ ከጾሙ በፊት ያለውን የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ያዝን። ከዛሬ ጀምሮ ስድስት ሳምንት ያህል ይቀረኛል።

የመጀመሪያው ጭንቀቴ ውሻዬ ናት። ዳማ ትባላለች፤ ጀርመን ሾርትሄርድ ፖይንተር የሚባለው ዝርያ ናት፤ አሥራ አንድ ወሯን ይዛለች። ይኸው ባልደረባዬ ውሻው ስትወልድ ለልጄ የሰጣት ስጦታ ነች። ስጠራት ትመጣለች፣ የጣልኩላትንም ታመጣለች፤ በጓሮ ርግብ ስታይ አንድ እግሯን አንሥታ ጅራቷን አቅንታ ቀጥ ብላ ስትቆም ማንም አላስተማራትም። ነገር ግን ባለፈው ጁላይ 4 ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር ገብታ እስኪነጋ ስትንቀጠቀጥ አደረች። ሜዳ ወስጃት የጠመንጃ ድምፅ ብታስደነግጣት ለዕድሜ ልክ አበላሻት ይሆን ብዬ እፈራለሁ።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ሥጋው ነው። ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ አካባቢ በገብስ ማሳ ዳር ቆቅ በወጥመድ እይዝ ነበር። ወፉ በሕይወት ስለሚያዝ አባቴ በስመ አብ ብሎ ያርደው ነበርና ምንም ጥያቄ አልነበረውም። በጥይት ተመትቶ ውሻ በአፉ ያመጣው ወፍ ግን ለእኔ አዲስ ነገር ነው። ባለቤቴ ውሻ የነካው ሥጋ በድስቷ እንደማይገባ ነግራኛለች፤ ቃሏንም እንደ ቀላል ነገር አላየውም፤ እኔም ራሴ እርግጠኛ አይደለሁምና። ሕይወት አጥፍቶ ሥጋውን መጣልን ደግሞ ሕሊናዬ አይቀበለውም። የማይበላ ከሆነ ግብዣውን ባልቀበል እመርጣለሁ።

ፈቃዱን በተመለከተ የግዛቱ ነዋሪ ስለሆንኩ ችግር አይኖርብኝም ብዬ አስባለሁ። ልምዱ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች የምታውቁትን ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ አዳኝ ከሂውረን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት አድርገህ አቀረብከው፤ እኔ ግን በአሥራ አራት ዓመት የሜዳ ልምዴ አንድ ጥያቄ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ወፉ መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ እጅህ እስኪገባ ያለውን ጊዜ የምታሳጥረውም የምታስረዝመውም ውሻዋ ናት፤ ሥጋው ለቤትህ የሚሆን መሆን አለመሆኑ የሚለየውም በዚያችው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከውሻዋ ልጀምር።

ርችት የፈራች ውሻ ጠመንጃ ትፈራለች ማለት አይደለም። ርችቱ ያለ አንዳች ምክንያት ከሰማይ የወረደባት ድምፅ ነው፤ ውሻ የተኩስን ድምፅ የምትወደው ከምትወደው ነገር ጋር ተያይዞ ሲመጣላት ነው። ቢሆንም የነገርከን ነገር ማስጠንቀቂያ ነውና ስድስቱን ሳምንት በከንቱ አታሳልፋቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግቧን ስትበላ ወይም ኳስ ስታሳድድ አንድ ሰው ራቅ ብሎ ሳንቃ ከሳንቃ ያጋጭ፤ ቀና ብላ አይታ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ያ ሰው በሚቀጥለው ቀን ትንሽ ይቅረብ። ጆሮዋን ከጣለች ወይም ወደ አንተ ከተጠጋች በዚያ ቀን ይቁም፤ በማግሥቱም ወደ ነበረበት ርቀት ይመለስ። ቀጥሎ ክንፍ የታሰረበት መወርወሪያ ወይም በሕይወት ያለ ርግብ ስታሳድድ፣ ከመቶ እርምጃ በላይ ርቆ የቆመ ሰው አነስ ያለ አፈሙዝ ባለው ባለ 20 ጌጅ ሾትጋን (በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን ጥይት በሚበትን ጠመንጃ) አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩስ። ድምፅና ወፍ በአእምሮዋ አንድ ላይ እስኪቋጠሩ ድረስ ይህ በትዕግሥት ይደጋገም። ወደ ተኩስ ሜዳ ወስደህ በሰው ሁሉ ተኩስ መካከል ልታለማምዳት አትሞክር፤ እኔ የመጀመሪያ ውሻዬን ያጣሁት በዚህ ጥፋት ነው። ውሻው አልሞተም፤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጠመንጃ ከመኪና ሳወጣ ባየ ቁጥር ወደ መኪናው ተመልሶ ይገባ ነበር፤ ጥፋቱም ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር።

በዕለቱ ጠዋት አታውጣት። በእርሻ ቤተሰቦች ዘንድ ልማዱ ስምንት፣ አሥር ሰው መስመር ሠርቶ የበቆሎውን ወይም የማሽላውን ማሳ ከዳር እስከ ዳር እየገፋ መሄድ፣ ሌሎች ደግሞ በማሳው ጫፍ ቆመው መጠበቅ ነው። ፌዘንት ከመብረር መሮጥ የሚመርጥ ወፍ ስለሆነ እየሮጠ ሄዶ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሃያ ሠላሳው ባንድ ጊዜ ይነሣል፤ ተኩሱም ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ይህ ለአንዲት ጀማሪ ውሻ የሚሆን ቦታ አይደለም። ተኩስ የሚፈቀደው በአገራችን አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ነውና ቀኑ ሰፊ ነው። ጠዋቱን አንተ ብቻህን ከሰዎቹ ጋር ተራመድ፤ እሷን ግን ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት አቆያት። በዚያን ጊዜ ወፎቹ ከማሳው ወጥተው ለአዳር ወደ ረጅሙ ሣርና ወደ ፊላው ይመለሳሉ። አንተና ባልደረባህ ሁለታችሁ ብቻ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብላችሁ፣ የመኪና በር ሳታንኳኩ፣ ሳትነጋገሩ ግቡ። ጠረን የሚመጣላት በነፋስ ነው፤ ነፋስን ከጀርባዋ አድርጋ የምትሄድ ውሻ ዓይኗን እንደ ታሰረች ቁጠራት።

ስትቆምልህ ከጎኗ እለፍና ወፉን አንተ አስነሣው። አውራው ሲነሣ በጩኸትና በክንፍ ድምፅ ስለሚነሣ የለመደውንም ሰው ያስደነግጣል። እዚህ ላይ ነው ‘ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ’ የሚባለው ነገር የሚደርሰው፤ ጀማሪ በድምፁ ይተኩሳል ወይም ረጅሙን ጅራት ያያል፤ ጥይቱም ከኋላ ይቀራል። ነጩን ቀለበት እስክታይ ጠብቅ። ቀለበቱን ማየት ሁለት ጥቅም አለው፤ አንደኛ፣ በሕግ የሚፈቀደው አውራው ብቻ ስለሆነ ሴቷን ከመምታት ያድንሃል፤ ሁለተኛ፣ ዓይንህ ራሱና አንገቱ ላይ ስለሚያርፍ በንጽሕና ትመታዋለህ። ከወፉ በታች ሰማይ ካላየህ ደግሞ ፈጽሞ አትተኩስ። ዝቅ ብሎ የሚበር ወፍ ውሻዋ ዘልላ የምትይዘው ወፍ ነው፤ በዚህ ሜዳ በጌቶቻቸው ጥይት የሚሞቱ ውሾች የሚሞቱት በዚህ ምክንያት ነው። ከ35 እርምጃ በላይ የራቀውንም ተወው፤ ከዚያ በላይ ብዙውን ጊዜ የምታደርገው ማቁሰል ነው፤ የቆሰለ ፌዘንት ደግሞ እግሩ ደኅና ከሆነ እንደ ፈረስ ይሮጣል።

እንግዲህ ወደ ሥጋው። የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ የእኔን የምነግርህ ለእኔ የተባለውን እንጂ ለሁሉ ሕግ አድርጌ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 ቁጥር 13 የሚበላ እንስሳ ወይም ወፍ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን እንዲያፈስስና በአፈር እንዲከድነው ታዝዟል፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ደግሞ ከደምና ከታነቀ እንድንርቅ ተነግሮናል። ስለዚህ እኔ ቢላዋ በወገቤ ይዤ እሄዳለሁ። ውሻዬ ያመጣችልኝ ወፍ በሕይወት ካለ ወዲያው በስላሴ ስም አርደዋለሁ፤ ደሙንም በዚያው አፈር እመልስበታለሁ። ሞቶ የመጣውን ወደ ቤቴ አላስገባም፤ ለጋባዦቼ እሰጣለሁ፤ እነሱ በደስታ ይበሉታልና የሚጣል ነገር የለም። ይህን አስቀድመህ ለባልደረባህ ንገረው። ቅር የሚሰኝ ገበሬ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ከዚህ የተነሣ ነው አንድ ነው ያልኩህ። ወፉን ሳታኝክና ሳትነክስ፣ አፏን አላልታ ቶሎ የምታመጣ ውሻ ካለችህ ለማረድ ትደርሳለህ። ስለዚህ በቀሩት ሳምንታት ከተኩሱ እኩል የማምጣቱን ነገር አለማምዳት። በረዶ የሆነ የርግብ ክንፍ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለህ ወርውርላት፤ ስታመጣ አትንጠቃት፤ ከንፈሯ ላቅቆ እስኪሰጥህ ጠብቃት። መጎተት የተማረች ውሻ መንከስን ትማራለች።

የቀረውን ባጭሩ፦ በቀን ሦስት አውራ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ከፈቃዱ ጋር ለዱር እንስሳት መኖሪያ ማልሚያ የሚውለውን ቴምብር መግዛት አትርሳ። ወፉን ስታጓጉዝ ወንድነቱ እንዲታወቅ ጭንቅላቱ፣ ላባ ያለው ክንፉ ወይም እግሩ አብሮት ይቆይ። በብዙ የሕዝብ መሬቶች ላይ የእርሳስ ጥይት ክልክል ስለሆነ ከግል እርሻው ከወጣችሁ የብረት ጥይት ያዝ። በኖቬምበር የአጋዘን አዳኞችም በጠመንጃ ስለሚወጡ አንተም ዳማም ደማቅ ብርቱካናማ ልበሱ። ሬድፊልድ ያለችበት ስፒንክ ካውንቲ በዚህ ግዛት የመጀመሪያው የፌዘንት አደን እ.ኤ.አ. በ1919 የተፈቀደበት ቦታ ነው፤ ከዚያ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅልህም።

መልስ፦ በእንስሳት ክሊኒክ የምሠራ፣ ዴንቨር

ወንድሜ፣ የሂውረኑ ወንድማችን ስለ ተኩሱ ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ የምጨምረው በየዓመቱ በዚህ ወቅት ወደ ክሊኒካችን ስለሚመጡ ውሾች ነው።

ከሁሉ በላይ የምናየው የሣር ጢም ነው። የገብስ ዛላ የሚመስል፣ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የማይሄድ ሹል ጢም ያለው የሜዳ ሣር አለ። በእግር ጣቶች መካከል፣ በጆሮ፣ በዓይን ቆብ ሥር፣ በብብት ይገባል፤ ውሻዋ በአፍንጫዋ ስባው ሳምባ ድረስ የሚወርድበትና ከሳምንታት በኋላ መግል የሚያስይዝበት ጊዜም አለ። ጭጎጎት ቢያስቸግርም ውጭ ስለሚቀር አያሰጋም፤ ይህ ግን ወደ ውስጥ ይጓዛል። ስለዚህ መኪናው ጋ ስትመለሱ፣ ከመመገባችሁ በፊት፣ በባትሪ ብርሃን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ በጣትዎ ይዳስሷት። ዓይኗን የሚያጥቡበት ንጹሕ የጨው ውኃ ከፋርማሲ ይግዙ። ከሜዳ በኋላ ባሉት ቀናት ራሷን ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች፣ ጆሮዋን አጥብቃ ካራገፈች፣ አንድ እግሯን ደጋግማ ከላሰች ወይም ካሳለች ሳይውል ሳያድር ሐኪም ያሳዩ።

ምግቧን በዋዜማው ማታ በደንብ ትብላ፤ ጠዋት ግን ሆዷን ሞልታ እንዳትሮጥ፤ ደረተ ጥልቅ በሆኑ ውሾች ላይ ሆድ ተነፍቶ መጠምዘዝ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ውኃ በየሃያ ደቂቃው ይስጧት፤ ብርድ ነው ብለው አይዘናጉ። ቀጭንና ብርቱ ውሻ ያለ ዕረፍት ስትሮጥ የደም ስኳሯ ወርዶ እግሮቿ ሊተሳሰሩ ይችላሉ፤ ማር በትንሽ ዕቃ ይያዙና ስትንገዳገድ ካዩ ድዷን ይቀቡላት። አሥራ አንድ ወር ላይ አጥንቷ ገና አልጠናምና ሁለት ሰዓት ይበቃታል ያሉት ወንድማችን በዚህም ልክ ናቸው።

በኖቬምበር መጨረሻ በፊላው ዙሪያ ያለው ውኃ ስስ በረዶ ይይዛል። ወፍ የሚያሳድድ ውሻ በረዶው ይሸከመው አይሸከመው አይመረምርም፤ ተሰብሮበት ሲገባ ጌታው ተከትሎ የገባበትን ሁኔታ አውቃለሁ፤ በዚያ ዳር ወፍ ቢወድቅ ይቅር እንጂ እንዳይልኳት።

የመጨረሻው ለእኛ ቤቶች ብቻ የሚነገር ነው። ደክማ ስትመጣ ከሳህናችን ወጥ የፈሰሰበት እንጀራ አንስጣት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የተቀቀለ የወፍ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። እግሯን ካመማት ብለው ለሰው የሚታዘዘውን አይቡፕሮፌን እንዳይሰጧት፤ ኩላሊቷን ሊያጠፋው ይችላል።

መልስ፦ አብዱ፣ ሚኒያፖሊስ

አሰላሙ ዐለይኩም። ጠያቂው ክርስቲያን ወንድማችን ቢሆንም ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሙስሊም ስለማይጠፋ በእኛ በኩል ያለውንም ላስፍር። የሠለጠነ ውሻ ይዞ ማደን በቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ አራተኛ አንቀጽ የተፈቀደ ነው። የአላህን ስም የምንጠራው ወፉ ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ስንተኩስ ወይም ውሻውን ስንለቅ ነው፤ በሕይወት የደረስንበትን ወፍ ደግሞ ማረድ አለብን። ውሻው ራሱ ከበላለት ለራሱ ነው የያዘውና አይበላም። ውኃ ውስጥ ወድቆ የሰመጠውም አይበላም፤ ከዐዲይ ኢብን ሓቲም በተላለፈው ሐዲሥ እንደተነገረው የገደለው ምቱ ይሁን ውኃው አይታወቅምና። በፊላ ረግረግ ዳር ለሚያድን ሰው ይህ የሩቅ ነገር አይደለም፤ እኔ በዚህ ምክንያት ውኃ ላይ የሚያልፍ ወፍ አልተኩስም። በጥይት ተመትቶ ስለሞተውና የውሻው ምራቅ ስለነካው ቦታ እያንዳንዱ የመዝሀቡን (የሚከተለውን የሃይማኖት ሕግ ፈለግ) ሊቅ ይጠይቅ።

እኛ ሚኒሶታ ያለን ደግሞ ሕጉ ከሳውዝ ዳኮታ እንደሚለይ እናስታውስ። እዚህ እስከ ኖቬምበር 30 ድረስ በቀን ሁለት አውራ፣ ከዲሴምበር 1 በኋላ ሦስት ነው፤ ተኩስ የሚጀመረውም በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከወገብ በላይ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 1979 በኋላ የተወለደ ሰው የጠመንጃ ደኅንነት ትምህርት የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። እኔ ትምህርቱን በአርባ ዓመቴ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ተማርኩ፤ ጠመንጃ ይዤ አጥር እንዴት እንደምሻገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበርና እጅግ ጠቅሞኛል። ጠያቂው ወንድማችንም በግዛቱ ባይገደድ እንኳ ትምህርቱን ቢወስድ እመክራለሁ።

መልስ፦ እመ ሁለት፣ ሴንት ፖል

እኔ የምጽፈው ለጠያቂው ባለቤት ነው። እህቴ፣ ባለቤቴ አደን በጀመረባቸው ሁለት ዓመታት እኔም አንቺ ያልሽውን ብዬ ነበር። ያሸነፈኝ ክርክር ሳይሆን አንድ ቀን አብሬ ሄጄ ያየሁት ነው፤ ውሻዋ ወፉን በላባው ይዛ አመጣችው እንጂ ሥጋው ጋ ጥርሷ አልደረሰም። ቆዳው ከነላባው ስለሚገፈፍ ድስትሽ ውስጥ የሚገባው አፏ ያልነካው ነው። ልብሽ ካልፈቀደ ግን አትገደጂ።

ከፈቀደ፣ እንደ ዶሮ አድርገሽ አትሥሪው። የገበያ ዶሮ ስብ አለው፤ ይህ ወፍ ሲሮጥ የኖረ ነውና ስብ የለውም። እግሩ ውስጥ እንደ ሽቦ የጠነከሩ ጅማቶች አሉ። ሽንኩርቱ ከተቁላላና በርበሬው ከበሰለ በኋላ እግሮቹን፣ ጭኖቹንና ጀርባውን አስቀድመሽ ጨምረሽ በቀስታ እሳት ሁለት ሰዓት ያህል ይንተክተኩ፤ ደረቱን መጨረሻ ላይ፣ እንቁላሉ ሊገባ ሲል ጨምሪው፤ አለዚያ እንደ ቡሽ ይሆናል። ቅቤውን ከለመድሽው ትንሽ ከፍ አድርጊው። አሥራ ሁለት ብልት ለማውጣት ይቻላል፤ ግን ወፉ አነስተኛ ስለሆነ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ከማጠብሽ በፊት ሥጋውን በብርሃን እያየሽ በጣትሽ ዳብሺው፤ ጥይቱ የገባበት ቦታ ላባ ይዞ ስለሚገባ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። በቢላዋ ጫፍ አውጪው፤ ልጅ ጥርሱን እንዳይሰብርበት።

ጠያቂ፦ የዳማ ጌታ፣ ሱ ፎልስ

ጋሼ ከሂውረን፣ እህቴ ከዴንቨር፣ አብዱ ወንድሜ፣ እናታችን ከሴንት ፖል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክራችሁን ተቀብዬ ምን እንደሆነ ሳልነግራችሁ ብቀር ነውር ነውና ተመልሼ መጣሁ።

የንስሐ አባቴ የመለሱልኝ ጋሼ ከጻፉት ጋር የሚስማማ ነበር፤ እሑድ ቅዳሴ እንዳይቀርብኝም አሳሰቡኝ፤ ስለዚህ ቅዳሜን ብቻ አድኜ ማታውን ወደ ቤት ለመመለስ ወሰንኩ። ልጄ ሳንቃ የምታጋጭ ሆነች። በሦስተኛው ሳምንት ዳማ ድምፁን ስትሰማ ምግቧን ትታ ወፍ ፍለጋ ሰማይ ታይ ጀመር። በአምስተኛው ሳምንት የባልደረባዬ ተኩስ ጆሮዋን እንኳ አላስጣላትም።

ቅዳሜ ጠዋት እሷን በቤታቸው ትቼ ከዘጠኝ ሰው ጋር የማሽላውን ማሳ ገፋሁ። አራት ጊዜ ተኩሼ አራቱንም ሳትኩ፤ ሁሌም ጅራቱን እያየሁ ነበር። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ሲል ከባልደረባዬ ጋር ዳማን ይዘን በፊላው ዳር ባለው ሣር ገባን። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን በድንገት ዘወር ብላ ቆመች፤ በጓሮ ለርግብ የምትቆመው አቋም አልነበረም፤ መላ ሰውነቷ ይርገበገብ ነበር። ስጠጋ የተነሣችው ሴት ናት፤ ተውኳት። ዳማ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ወዲያው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ አውራው ተነሣ። ቀለበቱን አይቼ ተኮስኩ። ክንፉ ተሰብሮ ወደቀና ሣሩ ውስጥ ገባ። እኔ ወደ ወደቀበት ስሮጥ እሷ በሌላ አቅጣጫ ሄደች፤ ተሳስታለች ብዬ ልጠራት ስል ባልደረባዬ እጄን ያዘኝ። ከስድሳ እርምጃ ባላነሰ ርቀት ከሣሩ ብቅ ስትል ወፉን ይዛ ነበር፤ ራሱን ቀና አድርጎ ዙሪያውን ይመለከት ነበር። አረድኩት፤ ደሙንም በአፈር ከደንኩት። ባልደረባዬ ኮፍያውን አውልቆ እስክጨርስ ዝም ብሎ ቆመ።

ሁለተኛው የመታሁት ወፍ ሞቶ ነው የወደቀው፤ ለባልደረባዬ እናት ሰጠኋቸው። ሦስተኛው የወደቀው ከበረዶው ዳር ስለነበር ዳማን በማሰሪያዋ ያዝኳትና ባልደረባዬ በረጅም እንጨት ጎትቶ አወጣው፤ እሱም ለእነሱ ሆነ።

ባለቤቴ ወፉን ራሷ ገፈፈችው፤ ጥይቶቹንም አንድ በአንድ እየለቀመች በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ደረደረቻቸው፤ አምስት ነበሩ። አንድ ወፍ ብቻ ስለነበር ከገበያ ዶሮ ጋር ቀላቅላ ሠራችው፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በላን። ልጄ ከሁለቱ የትኛው የዳማ እንደሆነ በጥቁረቱ ለየችው።

እህቴ ከዴንቨር፣ በምርመራው ከጣቶቿ መካከል ሁለት የሣር ጢም አውጥቻለሁ። ትላንት ማታ ግን ቀኝ ጆሮዋን ስታራግፍ አየሁ፤ ዛሬ ጠዋትም ደገመችው። ለነገ ከሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤላታለሁ።